አውቆ አበድና እብድ

በቋንቋችን «አውቆ አበድ» የሚባል ሰው አለ። አእምሮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ለራሱ ለሚያውቀው ዓላማ የእብድን ጠባይ የሚለብስ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በሥራው ይጠየቃልን? ወይስ እንደ እውነተኛው እብድ በምሕረት ይታለፋል? ዊልያም ሼክስፒር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1600 ገደማ የጻፈው፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ አማርኛ የመለሰው «ሐምሌት» ይህን ጥያቄ አጥብቆ ያነሣዋል።

የዴንማርኩ ልዑል ሐምሌት፣ አባቱን በመርዝ የገደለው አጎቱ መሆኑን ከሙት መንፈስ ከሰማ በኋላ፣ የእብድ ጠባይ ሊያሳይ እንደሚችል ለወዳጆቹ ነግሮ ምስጢሩን እንዲጠብቁ ያስምላቸዋል። ከዚያም በቤተ መንግሥቱ ሰዎች ፊት ይቀባጥራል፤ ከወዳጁ ከሆሬሽዮ ጋር ብቻውን ሲሆን ግን ንግግሩ የቀና ነው። አውቆ አበድ የሚለየው በዚህ ነው፤ ጭንብሉን የሚያወልቅለት ሰው አለው።

ኦፌሊያ ግን እንዲህ ያለ ሰው የላትም። አባቷን ፖሎኒየስን ከመጋረጃ ጀርባ ተሸሽጎ ሳለ ሐምሌት ንጉሡ መስሎት ወግቶ ገደለው። አፈቅርሻለሁ ያላት ሰው አባቷን ስለ ነጠቃት አእምሮዋ ተናወጠ። ትዘፍናለች፤ አበባ ታድላለች፤ በመጨረሻም ወንዝ ውስጥ ወድቃ ትሞታለች። በንጉሡም ፊት፣ በወንድሟም ፊት ያው ናት።

ዳዊትም በጌት ንጉሥ በአንኩስ ፊት እብድ መስሎ እንደ ነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 ተጽፏል። ይሁን እንጂ ዳዊት በዚያ ጭንብል ነፍሱን አዳነ እንጂ ማንንም አልወጋበትም።

ሐምሌት የፖሎኒየስ ሬሳ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ ዕብደቱ የብልሃት እንጂ የእውነት አለመሆኑን ለእናቱ ነግሯት ነበር። በመጨረሻው ገቢር ግን የኦፌሊያን ወንድም ሌየርቲስን ይቅርታ ሲጠይቅ፣ የበደለህ ዕብደቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ይለዋል። ከሁለቱ ቃላት አንዱ ሐሰት መሆን አለበት። ሐዘኑ በርትቶበት ያስመሰለው ነገር በኋላ እውነት ሆኖበት ይሆናል የሚሉ አሉ። እንዲህ ቢሆን እንኳ በሩን የከፈተው እርሱ ራሱ ነው።

እብዱን የምንምረው ምርጫ ስላልነበረው ነው። መርጦ ያበደ ሰው ግን ይህን ምሕረት ሲሻ፣ ከእውነተኛው ሕመምተኛ ላይ መጠጊያውን ይሰርቃል። ስለ ፈሰሰ ደም «ዘመኑ ነው ያሳበደን» የምንል ሁሉ ከሐምሌት ቃል ጋር ብንመዛዘን መልካም ነው። ይቅርታ የሚጀምረው «እኔ አደረግሁት» ከሚለው ቃል ነውና።