ትንቢቱ ደረሰ ወይስ አደረስነው?

አንድ አባት ማታ ደኅና አምሽተው ይተኙና ጧት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ይላቸዋል። ስትሮክ ነው፤ ወደ አንጎላቸው የሚሄደው ደም ተዘግቷል። በሁለተኛው ቀን ልጃቸው ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠብቆ፣ «ዶክተር፣ እጃቸው ይመለስላቸዋል ወይ?» ይላል። ምን ይበለው?

«እግዜር ያውቃል» ማለት ይቻላል። ግን ዛሬ ሐኪሙም ጥቂት ያውቃል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት 188 ሕሙማንን ተከታትሏል። በሁለተኛው ቀን የደከመውን እጅ ጣቶች ትንሽ መዘርጋትና ክንዱን ከትከሻ ወደ ጎን ማንሳት የቻሉት፣ ከስድስት ወር በኋላ በእጃቸው በመጠኑ የመሥራት ዕድላቸው 98 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ላልቻሉት 25 በመቶ ነው።

ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይጀምራል። ቁጥሩ የብዙዎች ነው፤ አልጋው ላይ ያሉት ግን አንድ ሰው ናቸው። ጣታቸው እንቢ ቢልም ከሃያ አምስቱ ይሁኑ ከሰባ አምስቱ፣ በዚያን ቀን ለይቶ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ሐኪሙ ዝም ይበል? አንልም። የሐሰት ተስፋም ዋጋ ያስከፍላል። እጁ ላይመለስ እንደሚችል የተነገረው ሰው በደኅነኛው እጁ መጉረስና መልበስ ቶሎ ይለማመዳል፤ ቤተሰቡም ጥሪቱን ከማሟጠጡ በፊት ያስባል።

የምንፈራው ሌላ ነው። «ተስፋ የለውም» የተባለውን እጅ ማን ያፍታታዋል? ፊዚዮቴራፒስቱ አንድ፣ ሕመምተኛው ሃያ ሲሆን ወደ ማን ይሄዳል? ከወራት በኋላ እጁ ደርቆ ሲገኝ «አላልንም?» እንላለን። ትንቢቱ ደረሰ ወይስ እኛ አደረስነው?

ይህ የኛ ብቻ ሥጋት አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የልብና የስትሮክ ማኅበራት መመሪያ፣ አንጎላቸው ውስጥ ደም ለፈሰሰባቸው ሕሙማን፣ ቀደም ብሎ የተመዘገበ የራሳቸው ፍላጎት ከሌለ፣ ሕይወት የሚያቆይ ሕክምናን የመገደብ ውሳኔ ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ሙሉ ቀን ቢዘገይ ተገቢ ነው ይላል። ሞት ሲተነበይ እርዳታ ይቀንሳል፤ እርዳታ ሲቀንስ ሞት ይመጣልና።

ስለዚህ ሐኪሙ ለልጁ እውነቱን ይንገረው እንላለን፦ «ከባድ ይመስላል፤ እንዲህ ከሆኑት ከመቶ ሰባ አምስቱ አይመለስላቸውም። ቢሆንም እጃቸውን እናሠራለን፣ በሳምንቱ ደግመን እናያለን» ይበለው። ብሎም አይቅር፤ ይምጣና ይይ።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው ጓደኛ ካለ በሚቀጥለው እትም ይሞግተን።