ስለ በርሜሉ ወሬ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ስከትልበት» የሚባል ቃል አለ። ትርጓሜው ምንጩ ያልታወቀ፥ እውነትነቱም ያልተመረመረ ወሬ ማለት ነው። እኛ ጭምጭምታ ወይም አሉባልታ ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን ቃሉ የተወለደበትን ስፍራ ስንመለከት ወሬኛን ከመንቀፍ አልፈን እንድናስብ የሚያደርገን ነገር እናገኝበታለን።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሸራ በሚጓዙ መርከቦች ላይ መርከበኞች የሚጠጡት ውሃ በትልቅ የእንጨት በርሜል ተሞልቶ ይቀመጥ ነበር። በርሜሉ «በት» ይባላል፤ ለመቅጃ የሚሆን ቀዳዳ መክፈት ደግሞ «ስከትል» ነው። መርከብን በስቶ ማስጠምም በዚሁ ግሥ መጠራቱ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ ነው። መርከበኛው ከሥራው ጥቂት የሚያርፈው ውሃ ሊጠጣ ሲመጣ ነውና፥ በዚያው ቆሞ ከጓደኛው ጋር ይነጋገራል፤ ወዴት እየሄድን ነው? መቼስ ወደ አገራችን እንመለሳለን? ካፒቴኑ ማንን ተቆጣ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የበርሜሉ ስም በአሜሪካ ባሕር ኃይል ዘንድ የወሬው ስም ሆነ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. በተነሣው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአውስትራልያ ወታደሮች መሠረት የሌለውን ወሬ «ፈርፊ» ብለው ሰየሙት፤ ይኸውም ውሃ በሚያመላልሱላቸው ጋሪዎች ላይ ተጽፎ የሚታየው የሠሪው ስም ነበር። ሁለት ሕዝቦች ሳይመካከሩ ወሬን በውሃ ዕቃ ስም መጥራታቸው እንዲያው በከንቱ አይመስለንም።

መርከበኛ ውሃ እንደሚጠማው ሁሉ ማወቅም ይጠማዋል። ሕይወቱ በመርከቡ ጉዞ ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን ካርታውን የሚያየው ግን ካፒቴኑ ነው። ያልተነገረው ሰው ይገምታል፤ ግምቱም ሦስተኛው ሰው ዘንድ ሲደርስ ዜና ይሆናል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ብዙዎች የተናጋሪው ነው ይላሉ፤ እኛ ግን እኩሌታው የዝምተኛው ሹም ነው ብንል ከእውነት የምንርቅ አይመስለንም። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ዕድገትና ዝውውር በምን ደንብ እንደሚሰጥ ሳይገለጥ ሲቀር፥ ሠራተኛው በሻይ ሰዓት ደንቡን ራሱ ያወጣዋል። በምሥጢር ሊያዝ የሚገባው ነገር መኖሩን አንክድም፤ ካፒቴን በጦርነት ጊዜ መንገዱን ቢሰውር ይገባዋል። የምሳ ሰዓት መለወጡን የሚሰውር ሹም ግን ምን ጠላት እንዳለበት እንጃ! የቀድሞዎቹ ገዢዎች «እረኛ ምን አለ?» ብለው ማስጠየቃቸው እረኛው አዋቂ ስለሆነ ሳይሆን፥ በእርሱ አፍ የሕዝቡን ጭንቀት ይሰሙ ስለነበር ነው።

ይሁን እንጂ ስለ መርከቡ መንገድ የሚነገረውና ስለ ሰው ስም የሚነገረው ወሬ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን አንድ ማስታወቂያ ያጠፋዋል፤ ሁለተኛውን ግን ማስታወቂያ አይሽረውም። እንግሊዞች ይህን ሁለተኛውን «ጎሲፕ» ይሉታል። ቃሉ በጥንት ዘመን ሐሜትን አያመለክትም ነበር፤ በክርስትና የተዛመደ ሰው፥ ልክ እኛ አበልጅ እንደምንለው ማለት ነበር። ቀጥሎ የቅርብ ወዳጅ፥ ከዚያም ወሬኛ፥ በመጨረሻ ወሬው ራሱ ሆነ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ ክርስትና የሚያነሣውና ወሬ የሚያዞረው ሰው በዚህ በአንድ ቃል ሥር ተቀምጠው ይገኛሉ።

የአበልጅ ስም ወደዚህ መውረዱ ያሳዝናል፤ ነገር ግን የሐሜትን አካሄድ በትክክል ያሳያል። ሐሜት የሚታመነው ከወዳጅ አፍ ስለሚወጣ ነውና። እኛ «እገሌ ገንዘብ አጉድሏል አሉ» እንላለን። «አሉ» ስንል ባለቤቶቹ እነማን ናቸው? ፊትም ስምም የላቸውም። ተናጋሪው በዚህች አንዲት ቃል ራሱን ነፃ ያወጣ ይመስለዋል፤ የሰማሁትን አቀበልሁ እንጂ ከራሴ ምን ጨመርሁ ይላል። የጨመረውስ የገዛ ታማኝነቱን ነው። ወዳጁ ያመነው ያልታወቁትን ሰዎች ሳይሆን እርሱን ነውና፥ «አሉ» ያለ ሰው መስክሯል።

በፍርድ ቤት ምስክር «አየህ ወይስ ሰማህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ተከሳሹም ክሱን ሰምቶ መልስ ይሰጣል። በሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ የተከሰሰው ሰው ግን ክስ እንዳለበት እንኳ አያውቅም። ጠዋት ወደ ቢሮው ሲገባ የባልደረቦቹ ሰላምታ ለምን እንደ ቀዘቀዘ ብቻ ይገርመዋል።