የብጣሽ ጊዜ ዕዳ



«ጊዜ የለኝም» የምትለዋን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምንናገራት ቆጥረን እናውቅ ይሆን? እስቲ ቀናችንን እንፈትሸው። ለታክሲ እንሰለፋለን፤ ሐኪም ቤት ተራ እንጠብቃለን፤ ከአዛን እስከ ኢቃማ እንቀመጣለን። ጠዋትና ማታ ሩብ ሩብ ሰዓት ለታክሲ የሚሰለፍ ሰው፣ በሳምንት ስድስት ቀን ቢመላለስ 3 ሰዓት፣ በዓመት 156 ሰዓት ቆሞ ያሳልፋል። ይህም ሌሊቱ ሳይቀር ተቆጥሮ ስድስት ቀን ተኩል ማለት ነው።

ሱረቱል ዐስር 3 አንቀጾች ብቻ ያሏት አጭር ሱራ ናት፤ አላህ (ሱ.ወ) የሚጀምራት ግን በጊዜ በመማል ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ ጤናና ትርፍ ጊዜ ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ጸጋዎች መሆናቸውን አስተምረዋል። የቀድሞ ዑለማዎች ይህን ትምህርት በሥራ አውለውታል። በ597 ዓመተ ሒጅራ ወደ አኼራ የሄዱት የባግዳዱ ኢብኑል ጀውዚ፣ ለወሬ ብቻ የሚመጣ እንግዳ ሲበዛባቸው፣ ወረቀት መቁረጥን፣ ብዕር መቅረጽንና ደብተር መጠረዝን ለዚያ ሰዓት ያቆዩ ነበር። እንግዳው አይቀየምም፤ ሥራውም አይቀርም። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ኢብን ዐቂል ደግሞ ዳቦ ለማኘክ የሚባክነው ጊዜ አሳስቧቸው፣ ደረቅ ብስኩት በውኃ አርሰው መብላትን ይመርጡ እንደነበር ተዘግቧል።

እኔም ይህን አንብቤ ራሴን ማረም ጀመርኩ። ትንሽ ቁርኣን በኪሴ ይዤ፣ ፒያሳ በታክሲ ሰልፍ ላይ በቀን አንዲት ገጽ መቅራት ያዝኩ። የመዲናው እትም 604 ገጾች ስላሉት፣ በቀን አንዲት ገጽ የቀራ ሰው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያኸትማል። ስሌቱ ደስ አሰኘኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኩራትም ሳይሰማኝ አልቀረም።

ሰልፉ የሚያልፈው ግን በአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ በር ላይ ነበር። ከእኚህ ሰው ጋር ጉዳይ ነበረኝ። ለዒድ ያሰፋሁት ሱሪ በዋዜማው ሳይደርስ ቢቀር በደንበኞቻቸው ፊት ጮኬባቸው ነበር። እርሳቸው የመለሱልኝ «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሞ ነው» ብለው ብቻ ነው። ከበራቸው ሳልርቅ ማጥፋቴ ገባኝ። ሆኖም «ሰፋ ያለ ጊዜ ሳገኝ፣ ቁጭ ብዬ፣ ቡና ጋብዤ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ» እያልኩ ወራት አሳለፍኩ። በየቀኑ በራቸው ላይ ሩብ ሰዓት እቆማለሁ፤ ዓይኔ ግን ከገጹ አይነሳም። «ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ» ለማለት የሚያስፈልገው ግማሽ ደቂቃ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለልማት ሲፈርሱ ያ ሱቅም አብሮ ፈረሰ። የሰፈሩ ሰው ተበታተነ። ጠይቄአለሁ፤ አጠያይቄአለሁ፤ አዛውንቱ የት እንደገቡ የሚያውቅ እስካሁን አላገኘሁም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ትርፍ ደቂቃን በመልካም ነገር መሙላት ብቻውን ይበቃልን? ቁርኣን መቅራቴ ጥፋት ነበር አልልም፤ አላህ ይጠብቀኝ። ጥፋቴ ደጃፉ ላይ የቆምኩበትን ባለ ሐቅ ለሌላ ቀን ማሳደሬ ነው። በአላህና በባሪያው መካከል ያለውን ጥፋት አላህ በተውበት ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ለባለቤቱ ካልተመለሰ ወይም ባለቤቱ አፉ ካላለ ከጫንቃ እንደማይወርድ ዑለማዎቻችን ያስተምራሉ።

አንድ ወዳጄ «ሰው ማሽን አይደለም፤ ዝም ብሎ መተንፈስም ያስፈልገዋል» ይለኛል። ልክ ነው። እኔም እያንዳንዷ ደቂቃ ትጨናነቅ አልልም። የምለው «ጊዜ የለኝም» የሚለው ምክንያታችን ብዙውን ጊዜ እውነት አይደለም ነው። ልብስ ሰፊ ብጣሽ ጨርቅ አይጥልም። ሙሉ ልብስ አይወጣውም፤ ለኪስ ግን ይበቃል። በላያችን ያለው የሰው ሐቅም አብዛኛው ኪስ የሚያህል ነው። ለእናት ስልክ መደወል፣ ላበደረን ሰው «አልረሳሁም» ማለት፣ የታመመ ጎረቤትን ደጁ ላይ ቆሞ መጠየቅ፣ ያስቀየሙትን ሰው ይቅርታ መለመን፤ ከእነዚህ ውስጥ ሰፊ ጊዜ የሚፈልገው የትኛው ነው? ሰፊ ጊዜ የሚፈልገው ኩራታችን ነው።

ዛሬም እሰለፋለሁ፤ ቁርኣኑም ከኪሴ አልተለየም። ከመግለጤ በፊት ግን «ዛሬ የማን ሐቅ አለብኝ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ለእኚያ አዛውንት ዱዓ አደርጋለሁ፤ መፈለጌንም አልተውኩም። አላህ (ሱ.ወ) ሳይመሽብን ሐቃችንን የምንከፍል ያድርገን። አሚን።