«ሐራም ነው» ከማለትህ በፊት ጠይቅ

 

አቡ ዳውድ የዘገቡትን ታሪክ ታስታውሳለህ? በጉዞ ላይ የነበረ ሰው ድንጋይ ራሱን ፈነከተው። ሌሊት ጀናባ ሆነና ጓደኞቹን «ተየሙም ይፈቀድልኛል?» አላቸው። ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። ገዳዮቹ እነሱ ናቸው አሉ፤ ካላወቁ ለምን እንዳልጠየቁም ወቀሷቸው። ልብ በል፣ ጓደኞቹ ክፉዎች አልነበሩም። ዲን የጠበቁ መስሏቸው ነው።

ሐኪም «ይህ እርግዝና ሕይወትሽን ያሰጋል» ያላት እህትም ዛሬ መጀመሪያ የምትሰማው ያንኑ መልስ ነው፦ ሐራም ነው፣ ታገሺ።

ፅንስ ያለ ምክንያት ማስወረድ ቀላል ነገር አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊና አብዛኞቹ ማሊኪዮች ከጅምሩም ይከለክላሉ። ከሐነፊዮች ግን ሩሕ ከመነፋቱ፣ ማለትም ከ120 ቀን በፊት፣ በምክንያት የፈቀዱ አሉ። በቦስኒያ ጦርነት ለተደፈሩ ሴቶችም የፈቀዱ ዑለማዎች ነበሩ። መካ ያለው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ በ1990 እ.ኤ.አ. ከ120 ቀን በኋላ በጥብቅ ከከለከለ በኋላ አንድ በር ክፍት ትቷል፦ ታማኝ ሐኪሞች የእናትየው ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑን ካረጋገጡ። ይህን ሁሉ ስፋት በአንድ ቃል የምትዘጋው አንተ ማን ነህ?

ስትጠይቂ ደግሞ ቀኑን በትክክል ንገሪ። ሐኪም የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ ስለሆነ፣ የፉቀሃዎቹ 120 ቀን በእሱ አቆጣጠር 19ኛው ሳምንት አካባቢ ይውላል። ሁለት ሳምንት ፈትዋ ይቀይራል።

ሕጉንም እወቁት። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 የእናት ሕይወት ወይም ጤና ሲሰጋና በመደፈር ለመጣ እርግዝና ሕክምናውን ይፈቅዳል። የተደፈረች ሴት ማስረጃ አምጪ አትባልም፤ ቃሏ ይበቃል። ይህን ባለማወቅ በድብቅ መድኃኒት ውጣ ቤቷ የምትደማ አለች።

ደም የሚፈሳት እህት ካጋጠመችህ ከማን እንዳረገዘች፣ ምን እንደዋጠች አትመርምር። እናቷን ወይም እህቷን ጥራ፣ ባጃጅ አቁም፣ ሆስፒታል አድርሷት። ካርድ ለማውጣት አንተ ተሰለፍ።