አንድ ተራራ ወይስ ሁለት?

በዴንቨር ወይም በአውሮራ ያለ አንድ የወጣቶች ኅብረት ለሁለት ቀን ወደ ተራራ ወጥቶ በበረዶ ላይ ሊንሸራተት አሰበ እንበል። ቁጥራቸው 24 ነው። ዘጠኙ እዚሁ አገር ያደጉና ከልጅነታቸው ጀምሮ ስኪ የለመዱ ናቸው። አምስቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረዋል። የቀሩት አሥሩ ግን በረዶን የሚያውቁት ጠዋት ጠዋት ከመኪና መስታወት ላይ ሲጠርጉት ነው፤ ከመካከላቸው ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸውም አሉ። የለመዱት “አራፓሆ ቤዝን እንሂድ” ይላሉ። ለጀማሪዎቹ የሚያስቡ “ኪስቶን ይሻላል” ይላሉ። በመጨረሻ አንዱ “ተራሮቹ ጎረቤታሞች አይደሉ? ለሁለት ብንከፈልስ?” ሲል ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ጉዳዩ የመኪናና የትኬት ብቻ ቢሆን ኖሮ እጅ ወጥቶበት ባለቀ ነበር። ዝምታው የመጣው ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ስላለ ነው። አብሮ መሆን ማለት ምንድን ነው? የሚችለው ለማይችለው ምን ያህል ሊተውለት ይገባል? የማይችለውስ የሚችለውን እስከ የት ድረስ ሊያስቀረው ይገባል? ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ጥያቄ በበረዶ ላይ ብቻ አይጠየቅም፤ በመዘምራን ቡድን፣ በጥናት ጓደኝነት፣ በትዳርም ይመጣባችኋል። ስለዚህ ነገሩ ገና ትንሽ ሳለ ብናስብበት ይጠቅመናል።

መጀመሪያ ተራሮቹን እንወቅ፤ ሳያውቁ መወሰን በፍቅር ስም ቢሆንም ያው ስሕተት ነውና። ሁለቱም ከዴንቨር በስተምዕራብ፣ በሰሚት ካውንቲ ይገኛሉ። በአይ-70 አውራ ጎዳና ሄዳችሁ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ አልፋችሁ ትደርሳላችሁ። መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን እጅግ ሊረዝም ይችላል። በሁለቱ ተራሮች መካከል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ያለው።

ቅርብ ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተከፈተው ኪስቶን ሰፊ ነው፤ በአረንጓዴ ክብ ምልክት የተለየ የጀማሪ መንገድ ከተራራው አናት ተነሥቶ 5.6 ኪሎ ሜትር ያህል ቀስ እያለ እስከ ሥሩ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው አራፓሆ ቤዝን ግን መኪና የሚቆምበት ቦታ እንኳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከእንጦጦ አናት አያንስም። ከመንገዶቹም ከግማሽ የሚበልጡት ጥቁር አልማዝ ምልክት ያለባቸው፣ ለለመደ ሰው የተተዉ ቁልቁለቶች ናቸው።

ሁለቱ ተራሮች በአንድ ወቅት ባለቤታቸው አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ቬይል ሪዞርትስ ኪስቶንን ሲገዛ፣ የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ውድድር እንዳይጠፋ ብሎ አራፓሆ ቤዝን ለሌላ እንዲሸጥ አደረገ። ከዚያም በኋላ በአንድ የወቅት ትኬት ሁለቱንም መጠቀም ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን አራፓሆ ቤዝን የሰውና የመኪና መጨናነቅን ምክንያት አድርጎ ከዚያ ስምምነት ወጣ። ዛሬ የአንዱ ትኬት በሌላው አይሠራም። “ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ” ማለት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ስለዚህ ምርጫው የእውነት ምርጫ ነው።

“ሁላችንም አንድ ተራራ” የሚለው ሐሳብ ደስ ይላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እየተባልን ነው ያደግነው። ነገር ግን አንድ ተራራ ላይ መገኘት ሁልጊዜ አብሮ መሆን አይደለም። 24ቱም ኪስቶን ቢሄዱ ምን እንደሚሆን አስቡት። ጀማሪዎቹ መለማመጃው ላይ ሲወድቁና ሲነሡ፣ የለመዱት በሊፍት ወጥተው የሚመለሱት ለምሳ ነው። ፎቶው ላይ ሁሉም አሉ፤ ቀኑን ግን አብረው አልዋሉም። ቡድኑ በሁለት ተራራ አልተከፈለም፤ በአንዱ ተራራ ወገብ ላይ ተከፍሏል። ልዩነቱ መከፈሉን ማንም በአፉ አለመናገሩ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። “አብረን ካልሆንን ምን ዋጋ አለው” ብለው ጀማሪውን ወደ ላይ የሚጎትቱ አሉ። “ና፣ ግድ የለህም፣ እኔ አለሁልህ” ይሉታል። እሱም ፈሪ እንዳይባል ይወጣል። ሊፍቱ ሲያወጣ ሁሉንም እኩል ያወጣል፤ ቁልቁለቱ ግን እያንዳንዱ ለብቻው የሚወርደው ነው። የአንዱን ጉልበት ሊሰብር የሚችል አንድነት ፍቅር ሊባል አይችልም።

እንግዲያው ለሁለት መከፈሉ ይሻላል? እዚህ ላይ የእኛ የራሳችን ነገር ይመጣል፤ ይሉኝታ። ዘጠኙ “እናንተስ ምን ትላላችሁ?” ብለው ሲጠይቁ አሥሩ “ለእኛ ችግር የለውም፣ እንደ ፈለጋችሁ” ይላሉ። ይህን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። እውነተኛ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። “ሸክም ሆንኩባቸው” የሚል ኀዘንም ሊሆን ይችላል፤ ወይም “ለስኪና ለጫማ ኪራይ የሚሆን ገንዘብ የለኝም” ማለት ያልቻለ አንደበት። ይሉኝታ በለመዱትም በኩል ይሠራል። “እኔ ቀርቼ አስተምራቸዋለሁ” ያለችው እኅት ቀኑን ሙሉ ወደ ላይኛው ተራራ እያየች የምትውል ከሆነ፣ ጀማሪው ያን ፊት ያነበዋል። በይሉኝታ የተሰጠ ስጦታ ተቀባዩን ባለዕዳ ያደርገዋል።

ስለዚህ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ልጠይቃችሁ። መከፈል በራሱ ክፉ ነው? መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በመንገድ ላይ የተከፈሉ ሁለት ወገኖችን ተመልከቱ።

በዘፍጥረት 33 ዔሳው ያዕቆብን አብረን እንጓዝ ይለዋል። ያዕቆብ እንቢ ይላል። ልጆቹ ለጋ መሆናቸውንና የሚያጠቡ ከብቶች ከእርሱ ጋር እንዳሉ ይነግረዋል። አንድ ቀን ብቻ በኃይል ቢነዱ መንጋው ያልቃል። ስለዚህ ዔሳው እንዲቀድም ይለምነዋል፤ እርሱ ግን በልጆቹና በከብቶቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ ይከተላል። እዚህ ድረስ ምክሩ ግሩም ነው። የጉዞው ፍጥነት የተለካው በደካማው አቅም ነው፤ ጠንካራውም ወደ ኋላ አልተጎተተም። ነገር ግን ታሪኩን ጨርሱት። ያዕቆብ ወደ ሴይር እንደሚመጣ ለወንድሙ ነግሮት ነበር፤ የሄደው ግን ወደ ሱኮት ነው። መለያየቱ አልነበረም ጉድለቱ። “እደርስብሃለሁ” ተብሎ አለመድረሱ ነው።

በ1ኛ ሳሙኤል 30 ደግሞ ዳዊት 600 ሰዎች ይዞ ሲያሳድድ 200ዎቹ ደክመው የቦሦርን ወንዝ መሻገር አቃታቸው። 400ዎቹ ሄደው ድል አድርገው ተመለሱ። ከተመለሱትም ጥቂቶች፣ የቀሩት ከምርኮው ምንም እንዳይካፈሉ ተናገሩ። ዳዊት ግን የዘመተውና ዕቃ ሲጠብቅ የቆየው እኩል እንዲካፈሉ ወሰነ፤ ያም በእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ቀረ። ልብ በሉ፤ ዳዊት ደካሞቹን በግድ ወንዙን አላሻገራቸውም። 400ዎቹንም አላስቀራቸውም። ሲመለስ ግን ቀርቦ ደኅንነታቸውን ጠየቀ፤ ድርሻቸውንም ሰጠ። ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ አንድ ሆኖ ቀረ።

እኔ ከዚህ የምረዳው ይህን ነው፤ የአንድ ኅብረት አንድነት የሚለካው በመለያየቱ ወይም ባለመለያየቱ አይደለም። የመለያየቱን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ በማየት ነው። ጠንካሮች ወስነው ደካሞች የሚከፍሉ ከሆነ፣ አንድ ተራራም ቢሆን ሁለትም ቢሆን ያ ኅብረት ተሰብሯል።

ዋጋ ስል ገንዘብም ማለቴ ነው። የለመደው ሰው ስኪውም ጫማውም የራሱ ነው፤ ትኬት ብቻ ይገዛል። ጀማሪው ከትኬቱ በላይ ዕቃ ይከራያል፣ ለትምህርት ይከፍላል፣ ውኃ የማያስገባ ልብስም ይፈልጋል። “ሁሉም እኩል ያዋጣ፣ ከዚያ የየራሱን ይቻል” ማለት እኩልነት ይመስላል፤ የሚጫነው ግን በጣም ትንሽ ባለው ላይ ነው። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር አምስተኛ መጽሐፉ በማካፈል ጊዜ ፍትሕ በቁጥር እኩል ማድረግ ሳይሆን ተመጣጣኝ ማድረግ እንደ ሆነ ያስተምራል። ኅብረቱ ሣጥን ካለው፣ መጀመሪያ ሊከፈልበት የሚገባው የጀማሪዎቹ ኪራይና ትምህርት ነው።

የደኅንነትም ዋጋ አለ። በኮሎራዶ ሕግ በተራራው የአይ-70 መንገድ ላይ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ድረስ መኪናው ለበረዶ የሚሆን ጎማ ሊኖረው ወይም ሰንሰለት ሊይዝ ይገባል። ለሁለት መከፈል ማለት በሁለቱም በኩል እንዲህ ያለ መኪና፣ የተረጋጋ ሹፌርና ኀላፊነት የሚወስድ ታላቅ ሰው ማለት ነው። የተሻለው መኪናና የተሻለው ሹፌር ሁሉ ከጠንካሮቹ ጋር ከሄደ፣ የቀረው ቡድን ምን ያህል እንደ ታሰበለት ያኔ ታያላችሁ።

ሚዛኑ ግን በሁለቱም በኩል ይቆማል። ጀማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ዕዳ አለባችሁ። ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅሞ ይህን ቀን የጠበቀ ወንድማችሁን “ወንድሜ ከሆንክ ከእኔ ጋር ትቀራለህ” ማለት አይገባም። አለመቻል እንዲታሰብልን ያደርጋል፤ በሌላው ሰው ቀን ላይ ግን አያሾመንም። ሌላው ዕዳችሁ እውነቱን መናገር ነው። “ችግር የለውም” ብላችሁ ማታ የምታለቅሱ ከሆነ፣ ጓደኞቻችሁ ሊወዷችሁ የሚችሉበትን በር ዘግታችኋል።

እንግዲህ ለ24ቱ ምን እመክራለሁ? ቅዳሜ ለሁለት መከፈል ይችላሉ፤ በሦስት ነገሮች። አንደኛ፣ ትኬት ሳይገዛ መጀመሪያ ጀማሪዎቹ ይጠየቁ፤ በጉባኤ ፊት ሳይሆን ለየብቻ፣ ይሉኝታ በማይዛቸው ቦታ። ሁለተኛ፣ ወጪው በአንድ ላይ ተደምሮ እንደየአቅም ይከፈል፤ ከጀማሪዎቹ ጋር የሚቀሩትም በእውነት ወድደው የቀሩ ብቻ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ የሚመለሱበት አንድ ቤትና አንድ ማዕድ ይኑር። ዲለን ከተማ ለሁለቱም ተራሮች ቅርብ ናት። ማታ አንድ ቤት፣ አንድ ድስት ወጥ፣ የወደቀውም የበረረውም እኩል የሚያወራበት ሰዓት ይኑር። እሑድ ጠዋት አብረው ጌታን ያምልኩ፤ ከዚያም 24ቱም ኪስቶን ይሂዱ። ያን ቀን ፍጥነቱን የሚወስኑት ጀማሪዎቹ ይሁኑ። ለመውረድ የበቃ ካለ የለመዱት ዙሪያውን ሆነው በዚያ ረጅም አረንጓዴ መንገድ ቀስ ብለው ያውርዱት፤ ያልበቃውን መለማመጃው ላይ ያበርቱት።

ምናልባት እናንተ ስኪ ነክታችሁ አታውቁም፤ የእናንተ ኅብረት ጥያቄ ሌላ ይሆናል። ቢሆንም በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር አብራችሁ ስታቅዱ፣ “የት እንሂድ?” ከማለታችሁ በፊት ከመካከላችሁ “እንደ ፈለጋችሁ” ብሎ ዝም ያለው ማን እንደ ሆነ ፈልጉ። ሄዳችሁም ለብቻው ጠይቁት።