የተቆለፈበት መጽሐፍ

ሰው አንድ ነገር በአደራ በተሰጠው ጊዜ የመጀመሪያ ሐሳቡ እንዳይጠፋበት ነው። ይህም የተገባ ነው፤ «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ሲባል ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተናል። ዳሩ ግን አደራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወርቅ በአደራ የተቀበለ ሰው ሳይነካው አኑሮ ሳይነካው ቢመልስ ታማኝ ይባላል። የምትታለብ ላም የተቀበለ ሰው ግን ሳያሰማራትና ሳያልባት በበረት ዘግቶባት ከርሞ በመጨረሻው «ይኸው፥ አልጠፋችም» ብሎ ቆዳዋን ቢያስረክብ ማን ያመሰግነዋል? እንግዲህ መጽሐፍ ከሁለቱ ወደ የትኛው ይመደባል? እንደ ወርቅ ነው ወይስ እንደ ላም? ብንጠየቅ ሁላችንም እንደ ላም ነው እንላለን። በብዙ ትምህርት ቤት የሚታየው አሠራር ግን እንደ ወርቅ ነው የሚል ነው።

ይህን የምጽፈው የይፋትን ቆላ እያሰብሁ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢትን ካለፈ በኋላ፥ እሑድ እሑድ ትልቅ ገበያ ከሚቆምባት ከሰንበቴ ሳይደርስ ጀውሃን ያገኛል። ጀውሃ ስሟን ከወንዝ ጋር የምትጋራ ትንሽ ከተማ ናት። አገሩ ሙቀት የበዛበት፥ ማሽላና ጤፍ ማሾም የሚበቅልበት፥ አማራው አርጎባው ኦሮሞው ባንድ ገበያ የሚገበያይበት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ለሚኖር ልጅ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ የሚያነበው ነገር መገኛው፥ ካለ፥ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። የከተማ ልጅ አንዱ ደጅ ቢዘጋበት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የቆላው ልጅ ግን ያ አንድ ክፍል ከተቆለፈበት የሚያንኳኳው ሌላ ደጅ የለውም።

በዚሁ ቆላ ባንድ ትምህርት ቤት፥ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፥ ቤተ መጻሕፍቱን ለማየት ገብቼ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ቁም ሣጥኖቹም ተቆልፈዋል። ኃላፊው ትሑትና ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው አንዱን ከፈቱልኝ። መጻሕፍቱ እንደ ወታደር ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱን ለማየት ብስበው ጀርባው ብቻ እጄ ላይ ቀረ፤ ውስጡን ምስጥ ጨርሶ በልቶት በወረቀቱ ፈንታ አፈር ሞልቶበታል። የጎኑም፥ የጎኑ ጎንም እንዲሁ ነበር። ምስጥ በግድግዳው በኩል ይመጣል እንጂ ቁልፍ አይጠይቅም። የንብረት መዝገቡን ስናየው ግን አንድም መጽሐፍ አልጎደለም።

ሰውዬውን ለመውቀስ አልቸኮልሁም፤ ምክንያታቸውን ስሰማም ጭራሽ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘብኝ። «ልጅ ተውሶ ቢጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ምስጥ ቢበላው ግን ኮሚቴ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ይጽፍና ከመዝገብ ይሠረዛል» አሉኝ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ሕጉ ለእኒህ ሰው የሚያስተምራቸው ከልጅ ይልቅ ምስጥ ቢጨርሰው እንደሚሻል ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍሉ፥ ልጆች የሚያሳድጉ ሠራተኛ ናቸው፤ ቢፈሩ ምን ይደንቃል? ጠባቂው ክፉ ሰው ሳይሆን ክፉ ሥራ ሊሠራ መቻሉ እዚህ ላይ ይታያል። የማኅበሩን ሁሉ ጥቅም ባንድ ድኻ ትከሻ ላይ አስይዞ፥ ጉዳቱን ብቻ ለእርሱ መተው ፍርድ አይደለም። ልጆቹ ተምረው ደስ የሚለው መንደር፥ ከመቶ መጻሕፍት አምስቱ በዓመት ቢጠፉ ወይም ቢቀደዱ ጉዳቱን አብሮ መቻል ይገባዋል። ኖራ ያልቃል፥ መጥረጊያ ያልቃል፤ ስለነዚህ ማንንም ደመወዝ አንቆርጥም። መጽሐፍም በንባብ ሲያልቅ እንደዚያው ነው።

ይህ ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ መጽሐፍ እጅግ ውድ ስለ ነበረ በሰንሰለት ከመደርደሪያው ጋር ይታሰር ነበር፤ በእንግሊዝ አገር በሄርፎርድ ካቴድራል እንዲህ የታሰሩት መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይታያሉ። የሰንሰለቱ አሠራር ግን ያስቃል፤ ያስተምራልም። ሰንሰለቱ መጽሐፉ ከቤት እንዳይወጣ ከለከለ እንጂ እዚያው ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚያነበውን አልከለከለም። የእኛ ቁልፍ ከሰንሰለቱ የከፋ ነው ማለት ነው። ራንጋናታን የተባለው ሕንዳዊ፥ አስቀድሞ የሒሳብ መምህር የነበረ፥ በኋላ የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሹም የሆነ ሰው፥ እ.ኤ.አ. በ1931 ስለ ቤተ መጻሕፍት አምስት ሕጎችን አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያው መጻሕፍት የተሠሩት ሊነበቡ ነው የሚለው ነው። ይህን ያህል ግልጽ ነገር ሕግ ተብሎ መጻፉ ራሱ የሰውን ልጅ ጠባይ ያሳያል።

የእኛም አባቶች ቢሆኑ ይህን አላጡትም። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ማኅደር ማንገቻ አለው። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ስንት ፍየል እንደሚታረድ፥ ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚያውቁ ሰዎች መጽሐፉን በትከሻ አንግተው ይዞሩ ነበር። ከዝናብና ከአቧራ እንዲድን ቆዳ አለበሱት፤ እንዲሄድ ደግሞ ጠፍር ቀጠሉለት። ጥበቃና ንባብ እንዴት እንደሚታረቁ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ደግሞም የልጁን ኑሮ እንይ። በጥቅምትና በኅዳር ማሽላው ሲያሽት በይፋት ቆላ ግሪሳ ይወርዳል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍና በጩኸት ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ። ሴቷ ልጅ ውኃ ቀድታ፥ እናቷን በማጀት ረድታ ስትጨርስ የትምህርት ቤቱ ደጅ ተዘግቷል። ቤተ መጻሕፍቱ በክፍል ሰዓት ብቻ የሚከፈት፥ መጽሐፍም የማያስወጣ ከሆነ፥ በጽሑፍ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው ቢባልም ለእነዚህ ሁለት ልጆች ዝግ ነው። መጽሐፍ ወደ ማማው ቢወጣ አቧራ ይነካዋል፤ ላብም ያርፍበታል። ይሁን። ያ ልጅ የሚጠብቀው ማሽላ ራሱ እስኪበላ ድረስ ነው የሚጠበቀው፤ ለዘላለም እንዲቆም ብሎ ወፍ የሚያባርር ገበሬ አላየሁም።

በየዓመቱ የሚደረገውን የንባብ ሳምንት በተመለከተ ሐሳቤ የተደባለቀ ነው። እንግዶች ይመጣሉ፤ መጻሕፍት በጠረጴዛ ልብስ ላይ ይደረደራሉ፤ ጥያቄና መልስ ውድድር ይደረጋል፤ ያሸነፈው ይሸለማል። ልጅ በሽልማት ቢጀምር ምንም አይደለም፤ ሁላችንም ለምስጋና ብለን ብዙ ነገር ጀምረናል። ነገር ግን ዓርብ ማታ መጻሕፍቱ ተመልሰው ወደ ቁም ሣጥን ገብተው ከተቆለፉ ልጆቹ የተማሩት መጽሐፍ የበዓል ዕቃ መሆኑን ነው። እኔስ ከሳምንቱ ይልቅ በየቀኑ አንድ ተማሪ በሰንደቅ ዓላማው ሰዓት ካንድ መጽሐፍ አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦ፥ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርስ ቢያቆም እመርጣለሁ። የቀረውን ለማወቅ የፈለገ ሁሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይሄዳል፤ ደጁ ተከፍቶ ካገኘው ማለቴ ነው።

አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ነገሩን ከሌላ በኩል ተመልክተውታል። ነገሌ ቦረና የተወለዱት እኒህ ሰው፥ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነው ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በኋላም በሐዋሳ መጻሕፍት በጋሪ ተጭነው በአህያ እየተጎተቱ ልጆች ወዳሉበት እንዲሄዱ አደረጉ። ከሰንበቴ ገበያ እህልና ጨው የሚያመላልስ አህያ ባለበት አገር ይህ ሩቅ ሐሳብ አይደለም።

በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርስ መጻሕፍቱን አጥብቆ ይጠብቅ የለምን? የሚለኝ ይኖራል። አዎን፥ ደግም ያደርጋል። የአገር ቤተ መጻሕፍት ገና ላልተወለደው ሰው ጭምር ያስቀምጣል፤ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ግን ባለ አደራነቱ ለዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ነው። ያ ልጅ ከርሞ ስድስተኛ ይሆናል፤ አይጠብቀንም። ለመሆኑ ቁልፍ ከምን ይጠብቃል? በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፥ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲዘልቅና በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘረፉ፥ ቁልፍ ምንም አልመለሰም። ልጁ አንብቦት በልቡ የያዘውን ግን ማንም አይዘርፈውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እስካሁን ያልሁት ሁሉ ደስ ብሎህ ይሆናል፤ አሁን ግን ወደ አንተ እመለሳለሁ። ለፈተና የሚጠቅመውን ገጽ በምላጭ ቆርጦ በደብተሩ መካከል የሚያወጣ ተማሪ መኖሩን ታውቃለህ። እርሱ የሰረቀው አንድ ወረቀት ቢሆንም የሰጠው ግን ለሚቆልፉት ሁሉ ምክንያት ነው፤ ከኋላው የሚመጡት መቶ ልጆች በእርሱ ገጽ የተነሣ ከደጅ ይመለሳሉ። የተዋስኸውን በቀኑ መመለስ የምትቀጣው ቅጣት አይደለም፤ ስሙን የማታውቀው አንድ ልጅ ተራውን እየጠበቀ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ እርሱም በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የሚጻፈው ነገር ነው። መጽሐፍ አይጻፍበትም ብለው ብዙ መምህራን ይቆጣሉ፤ በሥርዓቱ ትክክል ናቸው። እኔ ግን ባንድ አሮጌ የተረት መጽሐፍ ገጽ ጥግ ላይ በተንጋደደ ፊደል «ውሸት ነው፥ ጅብ እንዲህ አያደርግም» የሚል ተጽፎ አግኝቻለሁ። ላጲስ ከኪሴ ነበር፤ ሳላጠፋው መለስሁት።