ምላጭ ከመሳቡ በፊት

በ1969 ዓ.ም. በተቀረጹት የኢትዮጵያ ሳንቲሞች ላይ ሁለት ምስሎች የኪስ ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። በአምስት ሳንቲሙ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ በዐሥር ሳንቲሙ ላይ ቀንዱ የተጠማዘዘ ደጋ አጋዘን ይታያል። በካዛንቺስ ሱቆች መሳቢያ ውስጥ፣ በቂርቆስ የታክሲ ረዳቶች መዳፍ ላይ፣ ባለጠመንጃውና አጋዘኑ ለብዙ ዓመታት ሲፋተጉ፣ ስለ ሁለቱ ዝምድና ቆም ብሎ ያሰበ ሰው ብዙ አይመስልም። የከተማ ሰው ኒያላን የሚያውቀው በሳንቲም፣ በሲጋራ ፓኮና በድርጅት ስም ነው። ይሁን እንጂ በአንድ አዳኝና በአንድ ጠርጣሪ እንስሳ መካከል የምታልፈው አጭር ጊዜ፣ ፈላስፎች በብዙ ጥራዝ ሲከራከሩበት የኖሩትን ጥያቄ በጥሬው ይዛለች፦ የማይመለስ ድርጊት ለመፈጸም ሰው ምን ያህል ማወቅ አለበት?

ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት በመጀመሪያ እንስሳውን ማወቅ ይገባል። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር አይገኝም፤ መኖሪያውም ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ያሉት የባሌ፣ የአርሲና የምዕራብ ሐረርጌ ደጋዎች ናቸው። ወደ ዓለም የሳይንስ መዝገብ የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ሲሆን፣ ከአፍሪካ ታላላቅ አጋዘኖች ሁሉ መጨረሻ የተመዘገበው እርሱ ነው። የባሌ እረኛ እርግጥ መዝገቡን አልጠበቀም፤ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር። መመዝገቡም ቢሆን በጥይት ነው፤ የሳይንሱ መግለጫ የተጻፈው አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ገድሎ ከወሰደው ናሙና ነበርና። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን፣ ጥምዝ ቀንዱም ከ1 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ሴቷ ቀንድ የላትም። ቀኑን በአስታው ጥሻና በኮሶው ጥላ ሥር ተሸሽጎ ይውልና ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ግጦሹ ይወጣል። ማለትም፣ ለዓይን የሚገለጠው ዓይን እጅግ በሚደክምበት ሰዓት ነው።

ቍጥሩ የተመናመነ እንስሳ በመሆኑ አደኑ በሕግ የታጠረ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 541 የዱር እንስሳትን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የሚደነግግ ሲሆን፣ እንደ ሙነሳና ኦዶ ቡሉ ባሉት ቍጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች ፈቃድ የገዛ አዳኝ ሲሠማራ ጠባቂ አብሮት ይሄዳል። የሚፈለገውም ወንድ፣ ያውም ዕድሜው የገፋ አውራ ነው። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ብዙ ሺ ዶላር የከፈለ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በደጋው ብርድ ሲንገላታ የሰነበተ ሰው በመጨረሻዋ ምሽት ከአስታው ጥግ የቆመ ጥላ አየ እንበል።

ያየው ነገር ወንድ ነውን? ከራሱ በላይ የሚታየው ቀንድ ነው ወይስ ደረቅ ቅርንጫፍ? ጎኑን ሰጥቶ ከቆመ፣ ከፊት ወርቹ ኋላ የገባች ጥይት ልብና ሳንባውን አግኝታ ባጭር ጊዜ ትጥለዋለች። ፊቱን አዙሮ ወይም አግድም ሰያፍ ከቆመ ግን ያችው ጥይት ሆድ ዕቃውን ዘንጥላው ታልፋለች፤ እንስሳውም ቆስሎ ጥሻ ይገባል፣ ደሙም በጨለማ አይታይም፣ ሌሊቱን ሲያጣጥር ያድርና የጅብ ራት ይሆናል። ከበስተኋላውስ ምን አለ? የባሌ ጫካ ሰው የሌለበት ባድማ አይደለም፤ ከአጋዘኑ ጀርባ ግልገል፣ ወይም ከብቱን የሚመልስ የእረኛ ልጅ ሊኖር ይችላል። በዚህ ላይ ተራራው ሲቀዘቅዝ አየሩ ቁልቁል መፍሰስ ይጀምራልና፣ ከላይ ያደፈጠው አዳኝ ጠረኑ ቀድሞት ይወርዳል። አጋዘኑ ራሱን ቀና ያደርጋል፣ ጆሮውን ይቀስራል፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ይቆማል።

በዚህች ቅጽበት አንድ ድምፅ ይነሣል፦ «አሁን ካልሆነ አይሆንም!»

ይህ ድምፅ ሊመረመር ይገባዋል። ስለ አጋዘኑ የሚያውቀው ምንም ነገር የለም። ቀንዱ ከቀድሞው ይበልጥ ጎልቶ አልታየም፤ ከጀርባው ያለው ጥሻም አልተገለጠም። ድምፁ የሚናገረው ሁሉ ስለ አዳኙ ነው፤ ስለ ወጣው ገንዘብ፣ ስለ ብርዱ፣ ባዶ እጅን ስለ መመለስ፣ ለወዳጅ ስለሚታየው ፎቶግራፍ። የእንስሳው ንቃት ያደረገው ነገር ቢኖር ጊዜውን ማሳጠር ብቻ ነው። የጊዜ ማጠር ግን እውቀት አይጨምርም። ሰው ዘወትር የሚሳሳተው በዚህች መጋጠሚያ ላይ ነው፤ የጊዜውን ማጠር እንደ ማስረጃ ይቆጥረዋል። ስፔናዊው ፈላስፋ ኦርቴጋ ኢ ጋሴት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1942 ስለ አደን በጻፈው ሐተታ የአዳኝን ንቃት አብዝቶ ያወድሳል፤ አዳኙ በታዳኙ ንቃት ራሱ ይነቃል ባይ ነው። ውዳሴው ባይከፋም ግማሹን ብቻ የተናገረ ይመስላል። ከእንስሳው ወደ ሰው የሚጋባው ንቃት ብቻ ሳይሆን ድንጋጤም ነውና፣ የደነገጠ እንስሳ ይሮጣል፣ የደነገጠ ባለጠመንጃ ይተኩሳል።

ታዲያ መፍትሔው ዝም ብሎ መዘግየት ነውን? አይደለም። በአደን የተፈተነ ሰው እንደሚያውቀው እጅግ የከፋው ተኩስ የዘገየ ተኩስ ነው። አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ የሚቆመው ለሦስት ትንፋሽ ያህል ቢሆን፣ ሁለቱን ትንፋሽ «ልተኩስ? አልተኩስ?» እያለ የጨረሰ አዳኝ በሦስተኛው፣ እንስሳው መዞር ሲጀምር፣ ምላጩን ይስባል። የአእምሮው ዝግታ የእጁ ጥድፊያ ሆኖ ይወጣል። ጨዋ አዳኝ ግን ነገሩን የሚጨርሰው አጋዘኑ ከመታየቱ በፊት፣ ገና እሳት ዳር ተቀምጦ ሳለ ነው። «ከ200 እርምጃ ካለፈ አልተኩስም፤ ሁለቱን ቀንዶች ለይቼ ካላየሁ አልተኩስም፤ ጎኑን ካልሰጠኝ አልተኩስም፤ ከኋላው ያለውን ካላወቅሁ አልተኩስም» ብሎ ለራሱ ይቆርጣል። ቅጽበቷ ስትመጣ የሚቀረው እነዚህን ማመሳከር ብቻ ነው፤ ሁሉም ከተሟሉ እጁ አይዘገይም፣ አንዱ ከጎደለ ሰደፉ ከትከሻው ይወርዳል። አርስቶትልም ስለ መልካም ምክር ሲያስረዳ፣ መምከርን ከዝግታ፣ የተመከረበትን መፈጸምን ከፍጥነት ጋር የሚያጣምር የዘመኑን አባባል ያነሣል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይመጣል። በጥላው ላይ የተኮሰው አዳኝ፣ ጠዋት ሲታይ፣ በእርግጥ ያረጀ አውራ ጥሎ ቢገኝስ? ሕጉ አልተጣሰ፣ ግልገል አልሞተ፣ እረኛ አልተነካ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፎርድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ሰጥቷል። ያረጀች መርከቡን ሳያስመረምር፣ ደኅና ናት ብሎ ራሱን አሳምኖ ተሳፋሪ የጫነ ባለመርከብ፣ መርከቢቱ በሰላም ብትደርስ እንኳ ከበደል አይነጻም ይላል፤ ለማመን መብት የሚሰጥ ማስረጃ አልነበረውምና። በጥላ ላይ የተኮሰውም እንዲሁ ነው። አውራውን የጣለው ዕድሉ ነው፤ የእርሱ ድርሻ ጥላ ላይ መተኮሱ ነው። የአገራችን ሰው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ሲል ጥድፊያን ይነቅፋል፣ ግን ደግሞ ያጽናናል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል። ከጥይት ተለቅሞ የሚገኘው ቀለሁ ብቻ ነው።

ባህላችን በዚህ ረገድ ያወረሰን ነገር ሚዛኑ የተዛባ መሆኑ መካድ የለበትም። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ለገደለ ፉከራ አለው፣ ቀረርቶ አለው፣ ጌጥና ሹመት አለው። አነጣጥሮ የተወው ሰው ግን ምን ተብሎ ይዘፈንለት? ቲያትርም ከዚህ ነቀፋ አይድንም። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ኋላ መተኮስ አለበት የሚለው የቼኾቭ ምክር ለጸሐፌ ተውኔት መልካም ምክር ነው፤ ተመልካቹ ግን ከአዳራሹ ሲወጣ ጠመንጃ ሁሉ ለመተኮስ የተሰቀለ እየመሰለው ይወጣል።

ከካዛንቺስ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ የወረደ ሰው በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያገኛል። በግድግዳው ላይ ፎቶግራፎች፣ በመስተዋት ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጡ አፅሞች አሉ። ሳንቲሞቹ በተቀረጹበት በ1969 ዓ.ም. እና በተከታዩ ዓመት በአዲስ አበባ ቀበሌዎች ጠመንጃ በወጣት ትከሻ ላይ ነበር፤ በሰዓት እላፊ ጥላ አይቶ መተኮስም የሌሊት ሥራ ሆነ። ሰውን ከአጋዘን ጋር ማነጻጸር የሚከብደው አንባቢ ይኖራል። ንጽጽሩ ግን የሟቾች አይደለም፤ የተኳሾች ነው። ለአጋዘኑ ወንድነቱ፣ ዕድሜው፣ የቆመበት ቦታ፣ ከጀርባው ያለው ሁሉ ይጠየቃል። በእነዚያ ሌሊቶች ግን በኪስ የተገኘ ወረቀት ወይም አንድ ጥቆማ ይበቃ ነበር። ከሁሉም በላይ መሸሽ ማስረጃ ሆነ። «ምን ባይኖርበት ነው የሚሮጠው?» ተባለ። የሚታደን ሁሉ ይሸሻል፤ ሽሽቱም ስለ አዳኙ እንጂ ስለ ሸሹ የሚመሰክረው ነገር ጥቂት ነው።

ቃሉም መታየት አለበት። በዘመኑ የተሠራበት ቃል «ነጻ እርምጃ» የሚል ነበር። እርምጃ ማለት የእግር ማንሣትና መጣል ነው፤ ገዳይ የለበትም፣ ሟች የለበትም። አዳኝ ቢያንስ «ገደልሁ» ይላል፤ ይፎክርበታልም። በቃላት የሚሠራ ሰው፣ ገጣሚም ይሁን መምህር ወይም ካድሬ፣ ከምላጩ የሚቀድም ሌላ ምላጭ በአፉ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻውም።

እርግጥ ነው፣ አለመተኮስ ራሱ ነፍስ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። ነብር ሕፃን ላይ ሲዘል ቀንድ የሚቆጥር፣ ርቀት የሚለካ ሰው ሞኝ ነው። የሚፈለገው የእውቀት መጠን በሁሉ ቦታ አንድ አይደለም፤ የሚመዘነው በየትኛው ስሕተት መመለሻ እንዳለው ነው። ሳይተኮስበት የቀረ አጋዘን ነገም በዚያው ጥሻ ሊገኝ ይችላል፤ የተራበ አዳኝም ቢሆን የእርሱ ጥድፊያ ከፎቶግራፍ ፈላጊው ጥድፊያ የተለየ ክብደት አለው። ግን «ነብር መጥቷል» የሚል ሰው ሕፃኑን ማሳየት አለበት። በ1969 ዓ.ም. ሁሉም ወገን ነብሩ ደጃፍ ላይ ነው ይል ነበር። ከሁለቱም ወገን ተተኩሷል፣ ከሁለቱም ወገን በመንገድ ላይ ሰው ወድቋልና፣ አደጋው ፈጽሞ ባዶ ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም ከእነዚያ ጥይቶች ምን ያህሉ ነብር አይተው ተተኮሱ፣ ምን ያህሉስ ጥላ አይተው? ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበትና ስሙን ከዚያው ያገኘው ካዛንቺስ፣ ያንን ዘመን በዓይኑ ካዩት ሠፈሮች አንዱ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው አሮጌ ግቢ ሲፈርስ ጥይት የበሳቸው በሮችም አብረው ሄደዋል።

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የጋይሳይ ሜዳ አጋዘኖችም የዘመን መለወጥ ደርሶባቸዋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ሥርዓት የፈታው ጠመንጃ ወደ እነርሱ ዞሮ እጅግ ብዙዎቹ አለቁ፤ ከዚያ ወዲህ በጥበቃ አገግመው፣ ፓርኩም በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዛሬ በዲንሾ፣ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የጥድ ጫካ፣ ወንዱም ሴቷም ከጎብኚ ጥቂት እርምጃ ርቀው ይግጣሉ፤ ሰው ሲያልፍ ራሳቸውን ቀና አድርገው ያዩና ወደ ሣሩ ይመለሳሉ። በአደን ቦታዎቹ ያለው ያው ዘር ግን የሰው ጠረን ገና ከሩቅ ሲሸተው ጥሻ ይገባል።